መርዶው እስኪነገር የጠገንኩት ሪሲቨር

ወንድሜ የሞተ ቀን ከሰዓት በኋላውን ሪሲቨር ስጠግን ዋልኩ። ይህን ስናገር ሰው ፊቴን ትክ ብሎ ያየኛል። ምን ላድርግ? የሆነው እሱ ነው።

ቅዳሜ ነበር። ቦሌ ለሚ ካለው ፋብሪካ በግማሽ ቀን ወጥቼ በሩ ጋ ታክሲ ስጠብቅ አጎቴ ደወሉ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። የልጅ የአዋቂውን፣ የጎረቤቱን ሳይቀር ጤንነት ጠይቀው ሳይጨርሱ ወደ ጉዳያቸው የማይገቡ ሰው ነበሩ። ያን ቀን ግን ሰላምም አላሉኝ። «ብቻሽን ነሽ?» አሉኝ። ታክሲ በሚጋፋ ሕዝብ መሐል ቆሜ «አዎ» አልኳቸው።

ታናሽ ወንድሜ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር። ከሚሌ ወዲህ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። አስከሬኑን ይዘው እየመጡ ነው፣ ነገ ይቀበራል። አጎቴ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገሩኝ። ከዚያ፣ «እናትሽ ዛሬ እንዳትሰማ። ነገ ማለዳ ሽማግሌ ይዘን እንመጣለን። እስከዚያ ከቤት እንዳትወጣ፣ ስልክም እንዳታነሳ። አደራሽን» አሉኝ።

«እሺ» አልኩ። ታክሲው መጣና ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ ረዳቱን መስኮቱን ዝጋ ብዬ ተጨቃጨቅኩት። አልዘጋም ሲለኝ እንደ ልማዴ መልሼ ልናገረው አፌን ከፈትኩና ምን ልል እንደነበር ጠፋኝ። ነፋሱ ፊቴን እየመታኝ ሰፈሬ ደረስኩ።

መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚነገረው ሰው ቁጭ ባለበት እንደሚነገር ማንም ያውቃል። እኛ ቤት ግን ከልማዱ ሌላም ምክንያት ነበር። አባቴ የሞተ ጊዜ እናቴ ሾላ ገበያ ቆማ የሽሮ አተር ስትመርጥ አንድ የሩቅ ዘመድ ደውሎ «እግዜር ያጥናሽ» አላት። የሰማች መስሎት ነው። እዚያው ጆንያዎቹ መሐል ወደቀች። ደም ብዛት አለባት። ሐኪም ቤት ተኝታ ሳለ አባቴ ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ ስለ አባቴ በተነሳ ቁጥር የምታለቅሰው ስለ ሞቱ ሳይሆን አፈር ሲለብስ ስላላየችው ነው። አጎቴ የፈሩት ይህን ነበር። ልጇንም ሳትቀብር እንዳትቀር። እኔም ፈርቼ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ያን ሰዓት አንድ ሥራ ታዘዝኩ፣ ልሠራው ነው፤ ከዚህ ያለፈ ምንም አልተሰማኝም።

ለሚ ኩራ ያለውን የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ ወጥቼ በሩን ስከፍት እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ዘንቢሏን ይዛ ቆማለች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ሾላ ነዋ። በርበሬ አልቋል።»

ሾላ ማለት የአጎቴ ሚስት ዘመዶች ቅመም የሚሸጡበት ቦታ ነው። ወሬው ለእኔ ሳይደርስ በፊት እነሱ ጋ ደርሷል። ዙሪያዬን ቃኘሁ። ቴሌቪዥኑ ሥር ሪሲቨሩ ጨለማ ፊቱን ይዞ ተቀምጧል። ሐሙስ ዕለት መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል ነበር የመጣው፤ ከዚያ ወዲህ ቀዩ ምልክት እንኳ አይበራም። እናቴ የመዝሙር ፕሮግራሜ ቀረብኝ ብላ ስትነዘንዘኝ እኔ ነገ ነገ እያልኩ ሁለት ቀን አልፏል።

«ሪሲቨሩን ልሠራልሽ ነው» አልኳት።

«ዛሬ ገና ታየሽ?»

«መብራት የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ዓይኔ ደክሟል። ስልክሽን አምጪው፣ ባትሪው ይበራል።»

«በርበሬውስ?»

«በርበሬው ነገም አለ።»

ስልኳን ተቀብዬ ባትሪውን አበራሁ። በዚያውም እንዳይጠራ አድርጌ ኔትወርኩን ዘጋሁትና መልሼ ሰጠኋት። ነጠላዋን አውልቃ፣ ዘንቢሏን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። ልጄ ይደውልበታል ብላ የምትጠብቀውን ስልክ ይዛ ታበራልኝ ጀመር።

ካቻቪቴ አምጥቼ ክዳኑን ፈታሁ።

ፋብሪካ ውስጥ ሥራዬ ይኸው ነው፤ የስፌት ማሽኖችን የሚያንቀሳቅሰውን ቦርድ መጠገን። ማሽን ሲቆም ይጠሩኛል፣ ብዙ ጊዜም ጥፋቱ ያለው መብራቱን ተቀብሎ ለቦርዱ በሚያቀብለው ክፍል፣ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ነው። ሰው መብራት ከግድግዳ ወጥቶ እንዲሁ ዕቃው ውስጥ የሚገባ ይመስለዋል። ከግድግዳው የሚመጣው ኤሲ ነው፤ ወደፊት ሄዶ መልሶ ወደኋላ ይመጣል፣ በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ ሃምሳ ጊዜ ይመላለሳል። አምፖል ይህን ይችለዋል፣ ምጣድም ይችለዋል። ሪሲቨር ውስጥ ያሉት ቺፖች ግን አይችሉም። እነሱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ፣ ዲሲ የሚባለውን ነው የሚፈልጉት። ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው ሬክቲፋየር ነው። ስሙ ይከብዳል እንጂ አራት ዳዮድ ነው፤ ጥቁር፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ፣ በአንድ ጫፋቸው ነጭ መስመር ያለባቸው።

መጀመሪያ ያየሁት ፊውዙን ነው። የመስታወት ሆዱ በውስጥ ጠቁሯል። ፊውዝ እንዲህ ሲጠቁር ከኋላው ሌላ የተቃጠለ ነገር አለ ማለት ነው። አንዳንዱ ጠጋኝ ነኝ ባይ እዚያ ላይ ሽቦ ጠምዝዞ ይሰካውና ቤቱን በጭስ ይሞላዋል። የኤሌክትሪክ መለኪያ ሜትሬን አወጣሁ።

«ይሄ ጣሳ የመሰለውስ?» አለች እናቴ ትልቁን ካፓሲተር በብርሃኑ እየጠቆመች።

«እሱን እንዳትነኪው። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም መብራት ይዞ ይቆያል።»

«ተነቅሎም?»

«ተነቅሎም። መጀመሪያ ማራገፍ ያስፈልጋል።»

ከሐሙስ ጀምሮ ሳይሠራ የከረመ ዕቃ ምንም እንደማይዝ አውቅ ነበር። ቢሆንም አሮጌ አምፖል ፈልጌ፣ ሽቦ አስሬ፣ እግሮቹን በሥርዓት አነካካሁ። ጊዜ መግደል ነበረብኝ። ገና ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር፤ ቶሎ ከጨረስኩ ዘንቢሏን ታነሳለች።

ከዚያ ዳዮዶቹን ተራ በተራ ለካሁ። ጤነኛ ዳዮድ ሜትሩን በአንድ በኩል ሲያነኩበት ያሳልፋል፣ ገልብጠው ሲያነኩበት ይከለክላል። የመጀመሪያው ደህና ነበር። ሁለተኛው ላይ ሜትሩ በሁለቱም በኩል ጮኸ።

«ምን አለ?» አለች።

«ተበላሽቷል። በሁለቱም በኩል ያሳልፋል።»

«ማሳለፉ ምን ክፋት አለው? ለጋስ ነው።»

«የሱ ሥራ ወደኋላ የሚመለሰውን መከልከል ነው። መብራቱ በዚህም ይመጣል በዚያም ይመጣል፤ እነዚህ አራቱ በየት በኩል ቢመጣም ወደ አንድ ወገን ነው የሚለቁት።»

ትንሽ አሰበችና፣ «እንደ ቤተ ክርስቲያን ነዋ» አለች። «በወንዶቹ በርም ግባ፣ በሴቶቹ በርም ግቢ፣ ከገባ በኋላ ሁሉም ፊቱን ወደ መቅደሱ ነው የሚያዞረው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ስቄ ጉንጯን እስማት ነበር። «ልክ ነሽ» ብዬ ሦስተኛውን ለካሁ። እሱም ተቃጥሏል።

«ከዚያስ ወዴት ይሄዳል?»

«ከዚያ ወደዚህ ወደ ትልቁ። አቅጣጫው አንድ ሆነ እንጂ አሁንም እየዘለለ ነው የሚመጣው፣ አንዴ ብዙ አንዴ ባዶ። ይሄ ሲበዛ ያጠራቅማል፣ ሲጎድል ከያዘው ይለቃል። ወደ ውስጥ የሚገባው እኩል ይሆናል።»

«ሮቶ ነው በይኛ።»

«ሮቶ ነው።»

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሕንፃ ላይ የሚኖር ሰው ካፓሲተርን ለመረዳት አይቸገርም። እናቴ በገባት ነገር ደስ ብሏት ስልኩን ወደ ሌላ እጇ አዛወረች፤ ብርሃኑ በግድግዳው ላይ ዞሮ ተመለሰ። ከዚያ፣

«ወንድምሽ ዛሬ አልደወለም» አለች።

ወንድሜ ምሳ ሲበላ ነበር የሚደውልላት። የት እንደቆመ፣ ምን እንደበላ ይነግራታል፤ እሷ ደግሞ ጥሬ ሥጋ በዚያ ሙቀት አትብላ ትለዋለች። በየቀኑ ይህንኑ ነበር የሚያወሩት።

«በረሃ ላይ ይሆናላ። ኔትወርክ የለም እዚያ» አልኳት።

ድምፄ እንደወትሮው ነበር። መበየጃውን ሰክቼ እስኪግል ስጠብቅ በሆዴ ወንድሜ ሞቷል፣ ወንድሜ ሞቷል እያልኩ ለራሴ ነገርኩት። የሌላ ሰው ወሬ መሰለኝ። ክፉ ሰው ነኝ ወይ ብዬም አሰብኩ። ልጅ ሆኖ ጀርባዬ ላይ አዝዬው ነበር፣ ሲያድግ ጫማዬን እየሰረቀ ይለብስብኝ ነበር፤ ይህን ሁሉ አስታወስኩ፣ ዓይኔ ግን ደረቅ ነበር። የተቃጠሉትን ሁለቱን ዳዮዶች ነቀልኩ።

በሩ ተንኳኳ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ናት። ከወለጋ የመጣች፣ ፕሮቴስታንት፣ እናቴን እንደ እናቷ የምታይ ደግ ሴት። የዕድሩ ጸሐፊ ባሏ ነው፤ አጎቴ ስለ ድንኳኑ ደውለውለት እንደሰማች ፊቷ ላይ ተጽፏል። እኔ እንዳትናገር በዓይኔ እየለመንኳት ሳለ አልፋኝ ገባችና እናቴን ጥምጥም አለችባት።

«እማማ፣ እንዴት ዋሉ? ዝም ብዬ ነው... ልይዎት ብዬ ነው» አለች። ድምፅዋ ተሰባበረ፣ እንባዋም ወረደ።

«ምን ሆንሽ አንቺ?» አለቻት እናቴ።

«ሽንኩርት ስከትፍ ነበር።»

እጇ ደረቅ ነበር፣ ሽንኩርትም አይሸትም። የማትችዪውን ለምን ትመጫለሽ ብዬ ልጮህባት ቃጣኝ። ክንዷን ይዤ ወደ በሩ ወሰድኳትና «ሥራ ይዘናል፣ በኋላ ነይ» አልኳት። እየሄደች ቃተተች። ስመለስ እናቴ ከተቀመጠችበት የለችም። ደንግጬ ልጣራ ስል ከጓዳ የውኃ ብርጭቆ ይዛ ወጣች።

«ጠማኝ» አለች። ተመልሳ ቁጭ ብላ ስልኩን አነሳች።

መለዋወጫ ከአልጋዬ ሥር ባለው ካርቶን ውስጥ አለኝ። ከተቃጠሉ ቆጣቢ አምፖሎች ነው የማጠራቅመው፤ አምፖሉ ቢቃጠልም ሆዱ ውስጥ ያሉት አራት ዳዮዶች አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ናቸው፣ ለሪሲቨርም ይሆናሉ። አንዱን አምፖል ሰብሬ አወጣኋቸው። ሁለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። ግን ሰዓቱ ገና አሥርም አልሞላም፤ ደህናዎቹንም ነቅዬ አራቱንም ልቀይር ወሰንኩ። እርሳሱን እያቀለጥኩ፣ ቀዳዳውን እያጸዳሁ፣ ሙያ የሌለው ሰው ቢያየኝ ጠንቃቃ ነች ይለኛል። እናቴ ምንም አትጠይቅም። ብርሃኑ ግን ከእጄ አልራቀም።

አራተኛውን በይጄ እንደጨረስኩ ጣቷን ቀሰረችና፣

«ያ ነጩ መስመር የሌሎቹ በዚህ በኩል ነው። የዚህኛው ለምን ወደዚያ ዞረ?» አለችኝ።

አየሁት። ገልብጬ በይጄዋለሁ። እንዲያ ሆኖ ቢሰካ ፊውዙን መልሶ ያቃጥል ነበር። እኔ ዳዮድ ገልብጬ አላውቅም፤ ተማሪ ሆኜ እንኳ አላደረግኩትም። ፈታሁትና አዙሬ በየድኩት። እናቴ ፊቴን ታየኛለች፤ ቀና ብዬ አላየኋትም።

ከዚህ በኋላ የማራዝምበት ነገር አጣሁ። ፊውዝ ቀየርኩ። ሶኬት ላይ በቀጥታ አልሰካሁትም፤ እንደ ወጉ አንድ ትልቅ አምፖል በመሐል አስገባሁ፤ ውስጡ አሁንም የተበላሸ ነገር ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል፣ ዕቃው ግን አይቃጠልም። ሰካሁት። አምፖሉ ለቅጽበት ቦግ አለና ደበዘዘ። ሪሲቨሩ ላይ ቀዩ ምልክት በራ። ሜትሬን አስጠግቼ ለካሁ፤ ሁሉም ልኩ ላይ ነው። ክዳኑን ገጥሜ፣ ገመዱን አገናኝቼ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩት። ነጭ የለበሱ መዘምራን ታዩ፣ ከበሮው ቤቱን ሞላው። ደስ ይላታል፣ አሁን ሶፋው ላይ ትመቻቻለች፣ እስኪመሽ ታያለች፣ ከዚያ ትተኛለች ብዬ አስቤ ነበር።

«አጥፊው ልጄ» አለች እናቴ። «ሐዘን ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም።»

ሪሞቱን ይዤ ቆምኩ። አንዱ መዘምር ወደ ካሜራው እያየ ያጨበጭባል። አጠፋሁት።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ዕቃ ስትፈቺ ስድብሽ መቼ ያልቅና! የሠራውንም፣ የሸጠውንም፣ መብራት ኃይልንም ሳይቀር ትሰድቢያለሽ። ዛሬ አንድ ክፉ ቃል ከአፍሽ አልወጣም። መጀመሪያ ደክሟት ነው አልኩ። ከዚያ ያቺ መጥታ አለቀሰች።» የስልኩን ባትሪ ልታጠፋ ሞከረች፣ አቃታት፤ እንደበራ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። «እሱ ነው አይደል?»

«እሱ ነው» አልኩ።

ቶሎ ብዬ እጇን ያዝኩ። መውደቋን ነበር የምጠብቀው። አልወደቀችም። እጇ ቀዝቅዟል፣ ከንፈሯ ነጥቷል፣ ዓይኗ የጠፋው ቴሌቪዥን ላይ ነው።

«መድኃኒትሽ...» ስላት፣

«ውጬዋለሁ። ያቺ ስትወጣ ነው የዋጥኩት» አለችኝ። «አባትሽን አልቀበርኩም። እሱን እቀብረዋለሁ።»

ለምን ዝም አልሽኝ አላልኳትም። ያቺ ከሄደች ወዲህ ብርሃን ይዛልኝ የተቀመጠችው እያወቀች ነው። ጎን ለጎን ተቀመጥን። ልናለቅስ ይገባን ነበር መሰለኝ፣ ሁለታችንም ግን አላለቀስንም። እሷ ካለቀሰች ጎረቤት ይሰማል፣ ጎረቤት ከሰማ ሌሊቱን ሁሉ ሰው ይጎርፋል፤ ይህን አስባ እንደሆነ ኋላ ገባኝ። እኔ ግን ምንም አላሰብኩም። ከመበየጃው እርሳስ ጣቴ ላይ የቀረውን ስልጥ ነበር።

ሊመሽ ሲል፣ «አጎትሽ ይሄኔ ሰው ለማሰባሰብ ይሯሯጣል» አለች። «ነገ ሲመጡ ያላወቅን ሆነን ነው የምንቀበላቸው። እንዳትነግሪው።»

«ለምን?»

«በአባትሽ ጊዜ ቀድሜ ሳልነግራት ቀረሁ፣ እኔ ነኝ የጣልኳት እያለ ስንት ዓመት ራሱን ሲበላ ኖረ። ዛሬ እንኳ እሱ ይንገረኝ።»

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ፤ ብዙ ሆነው ቀስ ብለው የሚወጡ ሰዎች ኮቴ። እናቴ ንጹሕ ቀሚሷን ለብሳ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። በሩን ከፈትኩ። ከፊት አጎቴ ናቸው፣ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው፣ ከኋላቸው የዕድሩ ሽማግሌዎች፣ ጎረቤታችንና ባሏ።

«ምነው በማለዳ? ደህና አደራችሁ?» አለች እናቴ።

አጎቴ አጠገቧ ተቀመጡ። ሌሊቱን ሲያጠኑት ያደሩትን ንግግር ሊጀምሩ «እንግዲህ እህቴ፣ የፈጣሪ ነገር...» አሉና ድምፃቸው ጠፋ። ደግመው ሞከሩ። አልወጣላቸውም። እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ እያሹ ወለሉን ያያሉ። እናቴ እጇን ዘርግታ የወንድሟን እጅ ያዘች።

«ልጄ ነው?» አለቻቸው በቀስታ።

አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ያኔ ነው ከተቀመጠችበት ተነስታ የጮኸችው። እንዲህ ያለ ጩኸት ከእናቴ ሰምቼ አላውቅም፤ ማስመሰል የሚባል ነገር አልነበረበትም። እሱን ስሰማ በሩን ተደግፌ እኔም አለቀስኩ፤ የወንድሜን ስም እየጠራሁ፣ ለማቆም ብፈልግ እንኳ የማልችለውን ልቅሶ። አጎቴ እናቴን ደግፈው ይዘዋታል። እንባቸው በጢማቸው ላይ እየወረደ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣

«በወጉ ነገርኳት» አሉ። «አልወደቀችም፣ አያችሁ? ዛሬስ በወጉ ነገርኳት።»